ድስት፣ ዱላና ጤፍ፦ ፊዚክስንና ሒሳብን በቤትዎ ለመፈተን

ፊዚክስና ሒሳብ ለብዙዎቻችን የፈተና ትዝታ ናቸው፤ ቀመር መሸምደድ፣ ቁጥር መተካት፣ መልሱን አስምሮበት ወረቀቱን ማስረከብ። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከሌላ ወገን ነው፤ ከሚፈላ ድስት፣ ከዱላ ጥላ፣ ከባዶ ሃይላንድና ከቀን መቁጠሪያ። መንገዱ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ያኮቭ ፔሬልማን «ፊዚክስ ለመዝናኛ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን፣ ዓላማው አንባቢው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ቆም ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነበር። እዚህ የቀረቡትን ሙከራዎች ለመሥራት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ከልጆች ጋር ቢሠሯቸው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ልጆች ግምታቸውን ለመናገር አያፍሩም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ደብተር፣ ሜትር፣ የስልክዎ ካልኩሌተርና እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር። የሰውነት ትኩሳት መለኪያውን ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ይፈነዳል ወይም ይበላሻል።

ደንቡ አንድ ነው፤ ከመሞከርዎ በፊት ግምትዎን በቁጥር ይጻፉ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያላወቀ ሰው አገር ሳይሰጥ ፍቺውን አይሰማም። እዚህም ዋጋው አስቀድሞ ይከፈላል። ግምቱን ያልጻፈ ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያገኘው ነገር የለም። በዚሁ ምክንያት ሙከራውን ሳይሠሩ የሌሎችን ቪዲዮ እንዳያዩ እመክራለሁ።

ከድስቱ ይጀምሩ

ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ቤተሰቡን ይጠይቁ። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ «100» ይላል። መልሳቸውን ከነስማቸው ይጻፉና ግማሽ ድስት ውሃ ይጣዱ። ሲንፈቀፈቅ ቴርሞሜትሩን የድስቱን መቀመጫ ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ ይያዙት። አዲስ አበባ ከሆኑ 92 አካባቢ ይቆማል።

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር ገፍቶ አረፋ መሥራት ሲችል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከበላይዋ ያለው አየር ያነሰ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው እምብዛም አይበልጥም። እንፋሎቱ የሚታገለው ጫና ስለቀነሰ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። ለግምት ያህል በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሱ። በዚህ ስሌት ጅቡቲ ወደብ 100፣ ድሬዳዋ 96፣ ባሕር ዳር 94 ይሆናል፤ ራስ ዳሸን አናት ላይ 85። የእርስዎን ከተማ ከፍታ ፈልገው ያስሉና ከቴርሞሜትሩ ጋር ያመሳክሩ።

አሁን ሁለተኛውን ግምት ይጻፉ። ውሃው እየፈላ ሳለ እሳቱን በእጥፍ ቢያፋፍሙት ሙቀቱ ስንት ይደርሳል? አብዛኛው ሰው ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ይሞክሩት፤ ከ92 ንቅንቅ አይልም። የተጨመረው እሳት ሥራው ውሃውን ወደ እንፋሎት መለወጥ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ባቄላ ወይም ሽምብራ ሲቀቅል ከሰል አያባክንም፤ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ ክዳኑን ይገጥማል፤ እህሉም በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ፍጥነት ይበስላል። ፕሬዠር ኩከር የሚፈጥንበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ውሃው አዲስ አበባም ላይ ቢሆን ከ100 ዲግሪ ያልፋል። በደጋ የሚኖር ሰው ከቆላው ይልቅ ይህ ዕቃ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዱላና ጥላ

ከሁሉም የምወደው ሙከራ ይህ ነው። በአንድ ዱላ ሰዓትን፣ አቅጣጫን፣ ኬክሮስንና የምድርን ዙሪያ ይለካሉ።

ደረቅና ጠራራ ቀን ይምረጡ፤ ክረምት ለዚህ አይሆንም። ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሚቆም ቀጥ ያለ ዱላ ያዘጋጁ። ከግንበኛ ውሃ ልክና ቱምቢ ይዋሱ፤ መሬቱ በውሃ ልኩ ይደልደል፣ ዱላው በቱምቢው ቀጥ ይበል። ቱምቢ ካጡ ድንጋይ በክር ቢያንጠለጥሉም ይሠራል። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከ45 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ፀሐይዋን ራሷን በፍጹም አይመልከቱ፤ ሥራዎ ከመሬቱ ጋር ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ጥያቄ፦ ጥላው ከሁሉም የሚያጥረው በስንት ሰዓት ነው? ያን ጊዜስ ወዴት ይወድቃል?

«ልክ በ6 ሰዓት» ብለው ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ይሳሳታሉ። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በዋርዴር አቅራቢያ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ትገኛለች፤ ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለማቋረጥ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት እኛ ዘንድ የምትደርሰው 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው። በዚያ ላይ የምድር ምሕዋር ክብ ስላልሆነና ዛቢያዋም ስላዘነበለ እኩለ ቀኑ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። በጥቅምት መጨረሻ አጭሩ ጥላ በ6 ሰዓት ከ9 ገደማ ይታያል፣ በየካቲት መጀመሪያ በ6 ሰዓት ከ39። በተለያየ ወር ሁለት ጊዜ ቢለኩ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ አጭሩ ጥላ ምንጊዜም በትክክል የሰሜንና የደቡብን መስመር ይይዛል። የትኛው ጫፍ ሰሜን እንደሆነ ግን እንደ ወሩ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ የ1 ሜትር ዱላ አዲስ አበባ ላይ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በሰሜናችን ስለምትሆን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመሐል ሁለት ቀን አለ፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ፤ በእነዚህ ዕለታት ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትውላለች፣ ዱላው በእኩለ ቀን ጥላ የለውም። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር ዘመድዎ ዕድሜ ልኩን ቢጠብቅ ይህን አያይም፤ ከሐሩር መስመሮች ውጭ ነውና።

አሁን ምድርን ይለኩ። በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ በዛሬዋ አስዋን በበጋው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደማይኖር ሰምቶ፣ በዚያው ዕለት በእስክንድርያ የጥላውን ማዕዘን ለካ። የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነለት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 5,000 ስታዲያ በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ 250,000 ስታዲያ አለ።

እርስዎ መቐለ ወዳለ ወዳጅዎ ይደውሉ። መቐለ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ በአየር መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለታችሁም በአንድ ዕለት አጭሩን ጥላ ለኩ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ ከሆነ እርስዎ 16፣ እሱ 24 ሳንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ጥላውን ለዱላው ርዝመት ያካፍሉና በካልኩሌተሩ የታንጀንትን ተገላቢጦሽ ይጫኑ፤ 9 እና 13.5 ዲግሪ ይሰጥዎታል። (ታንጀንት ከረሱ ዱላውንና ጥላውን በወረቀት አሳንሰው ይሳሉና ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ይለኩ።) ልዩነቱ 4.5 ዲግሪ ነው። 360 በ4.5 ሲካፈል 80፤ 80 ጊዜ 500፣ 40,000 ኪሎ ሜትር። የግድ መጋቢት መሆን የለበትም፤ የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት በማንኛውም ቀን ያው ነው። የአንዳችሁ ጥላ ወደ ደቡብ፣ የሌላው ወደ ሰሜን ከወደቀ ግን መቀነስ ሳይሆን መደመር ነው። ለምን እንደሆነ ሥዕል ሠርተው ያስቡበት።

እንዲህ ልቅም ያለ ቁጥር በመጀመሪያው ሙከራ አይመጣም። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላው ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። የሁለቱ ጥላዎች ልዩነት 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት የምድርን ዙሪያ በ5,000 ኪሎ ሜትር ያዛንፈዋል። መድኃኒቱ ርቀቱን ማስፋት ነው። ኢየሩሳሌም የሚኖር ዘመድ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ በዚያው የመጋቢት ዕለት የእሱ ጥላ 62 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ የማዕዘኑ ልዩነት ወደ 23 ዲግሪ ያድጋል፣ ያችው 1 ሳንቲ ሜትር ውጤቱን ከ3 በመቶ በላይ አታንቀሳቅሰውም። የሚጠቀሙበት ርቀት ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለው ብቻ፣ 2,530 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይሁን።

ባዶው ሃይላንድ

እንጦጦ ላይ ባዶ የ1 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና ይዘውት አዳማ ይውረዱ። ተጨምድዶ ያገኙታል። ጥያቄው በምን ያህል የሚለው ነው። እንጦጦ 3,000፣ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ቁልቁለት የአየር ግፊቱ ስለሚጨምር በውስጡ የታፈነው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይታመቃል። ለመለካት ጠርሙሱን ባልዲ ውሃ ውስጥ አፉን ቁልቁል አድርገው ክዳኑን ይክፈቱ፤ የጎደለውን ያህል ውሃ ይስባል። ሳያወጡት መልሰው ይክደኑትና የገባውን ይለኩ። ከግፊቱ ብቻ ቢሰላ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆን ነበረበት፤ የሚያገኙት ግን ያነሰ ነው። አዳማ ሞቃት ስለሆነች አየሩ መልሶ ስለሚለጠጥ ነው። የሁለቱን ቦታዎች ሙቀት መዝግበው ከነበረ ይህንንም ማስላት ይችላሉ።

ቀኑን በጭንቅላት

ከሒሳቡ ወገን ባሕረ ሐሳብን የመሰለ መነሻ አላውቅም። ለዓመተ ምሕረቱ 5,500 ይደምሩ። ለ2018፣ 7,518 ይሆናል። በ4 ያካፍሉ፤ 1,879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። አሁን 7,518ን ከ1,879 ጋር ደምረው በ7 ያካፍሉ፤ ከ9,397 ቀሪው 3 ነው። ቀሪ 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያሉ ሲቆጥሩ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር ማለት ነው፤ እንዲያም ነበር።

ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ ለምን እንደሚሠራ ይፈልጉ። 365 በ7 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም 1 አንድ ቀን ይገፋል። ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ደግሞ አንድ ይጨምራል፤ ለ4 አካፍለን የደመርነው ለዚህ ነው። የኛ ቀን መቁጠሪያ ከጎርጎርዮሳዊው የሚበልጥበት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑና 30 በ7 ሲካፈል 2 ስለሚቀር፣ እያንዳንዱ ወር ከቀደመው 2 ቀን ገፍቶ ይጀምራል። የ2018 ገና ታኅሣሥ 29 ነበር፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 3 ወር፣ ማለት 6 ቀን፤ ከ1 እስከ 29 ደግሞ 28 ቀን፣ እሱ 4 ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ምንም አይጨምርም። ከሐሙስ 6 ቀን ሲቆጥሩ ረቡዕ። በዚህ መንገድ የተወለዱበትን ዕለት ያውጡና እናትዎ የሚያስታውሱት ከሆነ ያመሳክሩ።

ለልጆች የሚሆን እንቆቅልሽ ከዚሁ ይወጣል፦ ከ13ቱ ወራት አንድም በሰኞ የማይጀምርበት ዓመት ሊኖር ይችላል? ሁለት ሁለት እየጨመሩ 7ቱን ቀናት ዞረው ይሞክሩ።

ጤፉና ሠንጠረዡ

በቼዝ ሰሌዳ የመጀመሪያ ሳጥን 1 ፍሬ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 እያሉ እስከ 64ኛው ማጠፍ የታወቀ እንቆቅልሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በስንዴ ነው። በጤፍ ይሥሩት፤ መጀመሪያ ግን የጤፍን ክብደት ራስዎ ይለኩ። ነጭ ሳህን ላይ 100 ፍሬ በስቴኪኒ ይቁጠሩ፣ ያንኑ የሚያህል 9 ክምር በዓይን ይጨምሩ፣ በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝኑ። እንደ ዘሩ ቢለያይም 0.3 ግራም ገደማ ነው፤ ኪሎው 3.3 ሚሊዮን፣ ኩንታሉ 330 ሚሊዮን ፍሬ ይሆናል።

ግምት ይጻፉ፦ ኪሎ የሚሞላው በስንተኛው ሳጥን ነው? ኩንታልስ? የሰሌዳው ግማሽ ሲያልቅ ስንት ኩንታል ይሆናል? መልሱ 22ኛው፣ 29ኛውና 13 ኩንታል ነው። 13 ኩንታል በአንድ አይሱዙ ይጫናል። ሁለተኛው ግማሽ ሲያልቅ ግን ጠቅላላው 56 ቢሊዮን ኩንታል ይደርሳል፤ ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት የምታመርተው በዓመት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ስለሆነ፣ የ1,000 ዓመት አዝመራ ገደማ ነው። ወለድን፣ ወረርሽኝን ወይም የሕዝብ ዕድገትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛንም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ፈረንሳዊው ባሼ እ.ኤ.አ. በ1612 ባሳተመው የእንቆቅልሽ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፦ ከ1 እስከ 40 ያለውን ማንኛውንም ሙሉ ክብደት በ4 የሚዛን ድንጋይ ብቻ ለመመዘን ድንጋዮቹ ስንት ስንት ኪሎ ይሁኑ? ድንጋይ ከዕቃው ጋር በአንድ ሳህን ማስቀመጥ ይፈቀዳል። በአንድ ድንጋይ ይጀምሩ፣ ከዚያ በሁለት፤ መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

አልሆን ሲል

ውጤቱ ከግምትዎ ጋር ካልገጠመ ሦስት ነገር ያድርጉ። ሙከራውን ይድገሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ድስቱንም እሳቱንም አንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አይለይም። በመጨረሻ ነገሩን ወደ ጥግ ይግፉት፦ ተራራው 10,000 ሜትር ቢሆን፣ ዱላው ምድር ወገብ ላይ ቢተከል፣ ሳጥኑ 3 ብቻ ቢሆን ምን ይሆናል?

መልስ ያልተገኘለት ጥያቄም ከወጥ ቤት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 ታንዛኒያዊው ተማሪ ኤራስቶ ምፔምባ አይስክሬም ሲሠራ ትኩስ ወተቱን ሳያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ፤ ሳይፈላ ከገባው የጓደኛው ወተት በፊት በረዶ ሆነ። መምህሩ ተሳስተሃል አሉት፣ ተማሪዎቹም ሳቁበት። እሱ ግን ጥያቄውን ይዞ ቆየና ሊያስተምሩ ለመጡት የፊዚክስ ሊቅ ለዴኒስ ኦዝቦርን አቀረበ፤ እሳቸው አልሳቁም፣ ሞከሩት። ሁለቱ በ1969 በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ። ነገሩ በእርግጥ ይከሰታል ወይ፣ ከተከሰተስ ለምን የሚለው ዛሬም ሊቃውንትን ያከራክራል። እርስዎም ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ወስደው እኩል ውሃ ይሙሉ፣ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ፍሪዘር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፤ በየ10 ደቂቃውም እያዩ ይመዝግቡ። ግምትዎን ግን ፍሪዘሩን ከመክፈትዎ በፊት ይጻፉ።